ከኮምቦልቻ ላሊበላ በ40 ደቂቃ? የርቀት ማስያ ድረ ገጾች በደሴ ሰው ዓይን

የሁለት ኤርፖርቶችን ስም ስታስገቡ ርቀቱን በኪሎ ሜትር፣ የበረራውን ጊዜ ደግሞ በደቂቃ የሚነግሯችሁ ድረ ገጾች አሉ አይደል? ብዛታቸው ለጉድ ነው። መልካቸው ይለያያል እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያለን ሰዎች፣ በተለይ ውጭ አገር ዘመድ ያለን፣ በደንብ እናውቃቸዋለን። ዘመድ ሊመጣ ሲያስብ መጀመሪያ የሚከፍተው እነሱን ነው፤ ከዚያ ስክሪንሾት ይልክና «ይሄን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» ይላል። እኔም ለእንግዳም ለራሴም ጉዞ ስጠቀምባቸው ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የታዘብኩትን ልጻፍ።

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ርቀቱን እመኑት። የበረራ ሰዓቱን እዩት፣ ግን አትያዙበት። የጉዞ እቅድ ደግሞ በፍጹም በእሱ ብቻ እንዳታወጡ። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣቸዋለሁ፤ ሦስቱም ለርቀቱ ነው።

ርቀቱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ኮምቦልቻንና ቦሌን ስታስገቡ 253 ኪሎ ሜትር ገደማ ይላችኋል። ልክ ነው። የሁለቱን ኤርፖርቶች ኬክሮስና ኬንትሮስ ወስዶ በምድር ክብነት ላይ አጭሩን መስመር ያሰላል፣ ሌላ ነገር አያውቅም። በማይል 157፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 137 ይሆናል። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዳንዱ ድረ ገጽ ቁጥሩን በማይል ያስቀምጥና ኪሎ ሜትሩን ታች በትንሽ ጽሑፍ ይጽፈዋል። አሜሪካ ያለ ዘመዳችሁ «157 ነው» ካላችሁ ስለ ማይል ነው የሚያወራው።

ኤርፖርቱን መፈለግ ራሱ ትንሽ ያለፋል። ኮምቦልቻ በላቲን ፊደል በሲም በኬም ስለሚጻፍ አንዱን ስትጽፉ «አልተገኘም» ሊላችሁ ይችላል። ኮዱን ዲ ኤስ ኢ ብላችሁ ብታስገቡ ይሻላል። ኮዱ የደሴ ነው፣ ኤርፖርቱ ያለው ግን ኮምቦልቻ ነው፤ ብዙ እንግዳ የሚሳሳተውም እዚህ ጋ ነው። ትኬቱ ላይ ደሴ የሚል ሲያይ ደሴ ላይ የሚያርፍ ይመስለዋል። አውሮፕላኑ ደሴ አይመጣም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የተጠጋጋች ከተማ ናት፣ አስፋልት የሚዘረጋበት ሜዳ ከየት ይመጣል? ከኤርፖርቱ ፒያሳ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለባችሁ። ያውም የሐረጎን ዳገት እየወጣችሁ።

ሐረጎን ለማያውቀው ሰው በቁጥር ላስረዳ። የኮምቦልቻ ኤርፖርት ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ 2,470 አካባቢ። በአየር ቢለካ ሁለቱ ከተሞች 15 ኪሎ ሜትር እንኳን አይራራቁም፤ መኪና ግን ያን 600 ሜትር ከፍታ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ከፊታችሁ የጫነ ሲኖትራክ ካለ ደግሞ ከኋላው ተሰልፎ መውጣት ነው፣ ማለፊያ የለም። ኮምቦልቻ ላይ በሸሚዝ የወረደ ሰው ደሴ ሲደርስ ጃኬት ይፈልጋል። ይሄን የሚነግር ማስያ አላየሁም። እንግዳ ስትጠብቁ እናንተው ንገሩት።

አሁን ወደ በረራ ሰዓቱ። ብዙዎቹ ድረ ገጾች ሂሳቡን የሚሠሩት እንዲህ ነው፦ ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት ያካፍሉትና ለመነሻና ለማረፊያ ብለው 30 ደቂቃ ይጨምሩበታል። አለቀ። 253 ለ800 ሲካፈል 19 ደቂቃ ነው፤ 30 ሲጨመርበት 49። ከእውነቱ ብዙ አይርቅም፣ ምክንያቱም ከቦሌ ኮምቦልቻ አየር ላይ የምትቆዩት ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። ግን መልሱ የገጠመው በአጋጣሚ ነው። 800 ኪሎ ሜትር የጄት ፍጥነት ነው፣ እኛ ጋ የሚመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጄት አይደለም።

እኛ ጋ የሚመጣው ዳሽ 8 ኪው 400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2010 እ.ኤ.አ. ማስገባት የጀመረው ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው፤ ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 660 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ርቀት ላይ ደግሞ እዚያ ፍጥነት ላይ ብዙም አይቆይም። ከፍታ ላይ ደረሰ ሲባል መውረድ ይጀምራል። ሻይ የሚያቀርቡት ልጆች ጋሪያቸውን ሳይጨርሱ «ቀበቶ እሰሩ» ይባላል። ስለዚህ ለአጭር በረራ የፍጥነቱ ቁጥር ብዙም ትርጉም የለውም፤ ጊዜውን የሚበላው መነሳቱ፣ መዞሩና ማረፉ ነው።

አውሮፕላኑን እኔ እወደዋለሁ። ወንበሩ ሁለት ሁለት ስለሆነ መሐል የሚታሰር ሰው የለም። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ነው፣ ስለዚህ የትም ብትቀመጡ ወደ ታች የምታዩት ነገር አይጋረድም። ፕሮፔለሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ግን ጩኸቱን ቻሉት። ከአዲስ አበባ ስትመጡ በቀኝ በኩል ያዙ፤ ሰማዩ ጥርት ካለ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ታዩታላችሁ። በመኪና ጣርማበር ላይ ቆማችሁ የምታዩት ገደል ከላይ ሲታይ ወደ ሰሜን እየተዘረጋ ይሄዳል። ከዚያ አውሮፕላኑ ዝቅ ይላል፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ይታያል፣ ቦርከና ወንዝ እንደ ክር ይጠማዘዛል፣ ተራሮቹ በሁለቱም በኩል ከመስኮቱ እኩል ይሆናሉ። አንድ ጊዜ አጠገቤ የተቀመጡ አዛውንት እናት ተራራው እንዲያ ሲቀርባቸው እጄን ጭምቅ አድርገው ያዙና እስኪያርፍ ድረስ አልለቀቁኝም፤ «አብሽሩ፣ ደረስን» እያልኳቸው ነው የወረድነው።

ወደ ቁም ነገሩ። 49 ደቂቃ ማለት ለደሴ ሰው ምን ማለት ነው?

እንበል በረራው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ ይባላል፤ ጠበብ አድርጋችሁ ብትሄዱ እንኳን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ኤርፖርት መሆን አለባችሁ። ከደሴ ለመውረድ አንድ ሰዓት ያዙለት። ስለዚህ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጥታችኋል። ቦሌ ታርፋላችሁ 4 ሰዓት ላይ፣ ሻንጣ ጠብቃችሁ ትወጣላችሁ 4 ተኩል ላይ፣ ከዚያ ሲኤምሲም ሆነ መርካቶ ለመድረስ የአዲስ አበባ ትራፊክ እንደፈቀደ ነው። ደጅ ለደጅ አምስት ሰዓት በሉት። በአውቶቡስ ከሆነ ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በደብረ ሲና፣ ጣርማበርን በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ብርሃን። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ መንገዱ ሰላም ከሆነ 8 ወይም 9 ሰዓት ላይ ትገባላችሁ።

ስለዚህ በአውሮፕላን የምታተርፉት አራት ሰዓት ገደማ ነው። አራት ሰዓት ትንሽ አይደለም፤ ለታመመ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር፣ ለሽማግሌ ትልቅ ነገር ነው፣ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ አማራጩ እሱ ብቻ ነው። ግን ዘጠኝ ሰዓቱ ወደ 49 ደቂቃ ወረደ ብሎ የሚያስብ ሰው ያዝናል። በተለይ ከቦሌ ሌላ በረራ የሚቀጥል ሰው ይህን ሂሳብ መሥራት አለበት፤ ማስያው ላይ ያለውን ደቂቃ ይዞ ጠባብ ትራንዚት የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ኮምቦልቻ ላይ ሲጫን በረራ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይሰረዛል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለውጭ አገር በረራ የምትሄዱ ከሆነ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ ግቡ። ይሄን ለማንም ሰው ሳልታክት እናገራለሁ።

አሁን ከሦስት ኮከብ በላይ እንዳልሰጥ ያደረገኝን ልንገራችሁ።

ውጭ የሚኖሩ አክስቴ ገናን ላሊበላ ላይ ማክበር ፈለጉ፤ ከዚያ በፊት ግን ደሴ መጥተው ቤተሰብ ማየት። ከእነዚህ ድረ ገጾች አንዱን ከፍተው ከኮምቦልቻ ላሊበላ ብለው አስገቡ። 127 ኪሎ ሜትር፣ 40 ደቂቃ በረራ። ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ 40 ደቂቃ ነው እኮ የሚለው፣ ለምንድን ነው በመኪና የምታንከራትተኝ?» አሉኝ። ርቀቱ ልክ ነው፣ በአየር 127 ገደማ ነው። ችግሩ ያ በረራ አለመኖሩ ነው። ትኬት ስንፈልግ የመጣልን ሁሉ በአዲስ አበባ በኩል ነው። ድረ ገጹ ደግሞ ከቁጥሩ ሥር «በረራ ፈልግ» የሚል ቁልፍ አለው፣ በትልቁ። አክስቴ ሲጫኑት ወደ ሌላ ትኬት ሻጭ ወሰዳቸውና አዲስ አበባ አሳድሮ የሚወስድ ጉዞ አወጣላቸው። ላይኛው መስመር 40 ደቂቃ ይላል፣ ታችኛው በማግስቱ ያደርሳል። ሁለቱ ለምን እንደተለያዩ የሚያስረዳ አንድ ዓረፍተ ነገር የለም። አክስቴ ከገናው የሚቀሩ መስሏቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ተጨነቁ። ይሄ ነው ያናደደኝ። ለዕድሜ ባለጠጋ ሰው የሌለ በረራ ደቂቃ ቆጥሮ መስጠት ትክክል አይደለም።

ሂሳቡን አብረን እንየው። ከኮምቦልቻ ቦሌ 253፣ ከቦሌ ላሊበላ 332 ገደማ። ድምሩ 585 ኪሎ ሜትር። 127 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ ቦታ ለመድረስ ከአራት እጥፍ በላይ ትበራላችሁ፣ ያውም መጀመሪያ ወደ ደቡብ ሄዳችሁ ከዚያ ወደ ሰሜን ተመልሳችሁ። ባሕር ዳርም እንዲሁ ነው። ማስያው ከኮምቦልቻ 267 ኪሎ ሜትርና 50 ደቂቃ ይላችኋል፤ በአዲስ አበባ በኩል ስትዞሩ ግን ከ580 ይበልጣል። የአገር ውስጥ በረራው የተሠራው ቦሌን ማዕከል አድርጎ ነው። አየር መንገዱ የት ስንት ተሳፋሪ እንዳለ ያውቃል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ማስያው ግን ይህን አንድ ነገር ቢናገር ምን ይጎዳል?

የመኪና ርቀቱን የሚገምተው ደግሞ ይብሳል። አንዱ ድረ ገጽ ከኮምቦልቻ ላሊበላ «በመኪና ሁለት ሰዓት» ብሎኛል። የአየሩን ርቀት ወስዶ በሜዳ መንገድ ፍጥነት አካፍሎታል ማለት ነው። የእኛን አገር ተራራ የማያውቅ ሂሳብ ነው። ከደሴ ላሊበላ በሐይቅ፣ በውጫሌ፣ በመርሳ አድርጋችሁ ወልዲያ 120 ኪሎ ሜትር፤ ከወልዲያ ወደ ጋሸና ሽቅብ፤ ከጋሸና ደግሞ 64 ኪሎ ሜትር ወደ ላሊበላ። ተደምሮ 300 ገደማ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። የላሊበላ ኤርፖርትም ቢሆን ከከተማው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ስለዚህ እዚያም መኪና አለባችሁ።

የሚገርመው፣ ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ማስያው ይስተካከላል። ከኮምቦልቻ ሰመራ ኤርፖርት በአየር 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና በባቲና በሚሌ በኩል ከ200 ብዙ አይርቅም። ባቲን ካለፋችሁ በኋላ መንገዱ ቆላ ነው፣ ይዘረጋል። ስለዚህ ደንቡ ግልጽ ነው፦ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር የአየሩ ቁጥር ስለ መኪናውም ይነግራችኋል፣ ወደ ላስታና ወደ ጎጃም ግን እጥፍ አድርጉት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ።

ሌላው የሰዓቱ ጉዳይ ነው። ድረ ገጾቹም ትኬቱም የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 07:30 ካለ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ 12:40 ካለ ቀን 6 ሰዓት ከ40። ስድስት ቀንሱ። ለእናት ለአባት ትኬት ስትልኩ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር በስልክ ንገሯቸው፣ ወይም ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፉላቸው። 07:30ን ከምሳ በኋላ ያለው ሰባት ተኩል አድርጎ ቤቱ ተቀምጦ በረራው ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በረራው ቆሞ ነበር። ሰው ወገኑን የሚያወጣበት ሲፈልግ እነዚህ ድረ ገጾች ያኔም 49 ደቂቃ ነው የሚሉት። ቁጥሩ ስለማይለወጥ ነው፤ ሁለት ነጥብ ነው የሚያሰላው፣ በነጥቦቹ መካከል ዛሬ አውሮፕላን ይሂድ አይሂድ አያይም። ለዚህ ነው ርቀቱን ከማስያው፣ በረራውን ግን ከአየር መንገዱ መተግበሪያ ወይም ከትኬት ቢሮው ጠይቁ የምለው። ደሴም ኮምቦልቻም ያለ ሰው ይህን በስልክ ማጣራት ይችላል።

እነዚህን ድረ ገጾች የሚሠሩ ልጆች አገራችን ውስጥ ቢኖሩ፣ ወይም አንዱ ይህን አንብቦ መሥራት ቢያስብ፣ የምመኘው ቀላል ነው። ከቁጥሩ በላይ «ቀጥታ በረራ አለ» ወይም «የለም» ይበል። ኤርፖርቱ ከከተማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚርቅ ይጻፍ። የአውሮፕላኑ ዓይነት ይገለጽ። ሰዓቱ በእኛም ይሁን። አማርኛ ቢኖረው ደግሞ አራተኛውን ኮከብ ዛሬውኑ እሰጠዋለሁ።

የአክስቴን ነገር ለጠየቃችሁኝ፣ በመጨረሻ ያዋጣን እንዲህ ነው። ከቦሌ በቀጥታ ላሊበላ በረሩ። ገናን አከበሩ። ከላሊበላ ደሴ በመኪና መጡ፤ ስለ መንገዱ ቀድመን የሚያውቅ ሾፌር ጠይቀን፣ በጠዋት ተነስተው፣ ወልዲያ ምሳ በልተው፣ ሐይቅን በብርሃን አይተው ገቡ። ደሴ እስኪበቃቸው ተቀመጡ። ሲመለሱ ሐረጎን ወርደው ከኮምቦልቻ ቦሌ። ወደ ኋላና ወደ ፊት መመላለስ የለም፣ አንድም ቀን ትራንዚት ላይ አላለፈም። ትኬቱን ስትቆርጡ «ደርሶ መልስ» የሚለውን ሳይሆን ከተሞቹን ለየብቻ የምታስገቡበትን ምረጡ። ከውጭ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ የዚያን ትኬት ቁጥር ይዛችሁ የአገር ውስጡን ጠይቁ፣ ቅናሽ አለው። የሻንጣውንም ኪሎ አብራችሁ ጠይቁ፤ የአገር ውስጡ ከውጭው ያነሰ ነው፣ ለዘመድ የተሸከማችሁት ነገር ቦሌ ላይ እንዳያጣላችሁ።